አራት መቶ አሥራ ሰባት የማን ወገን ናት?

ገላኔ «የዋግን መግደያ አገኘሁ» ብላ ለአባቷ በስልክ ካበሰረች ሳምንቷ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ የተማረም ቢሆን።

አባቷ ኦቦ ምልኬሳ ኢተያ ላይ ስንዴ ያርሳሉ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋግ፣ ያ የስንዴ ፈንገስ፣ በልቶባቸዋል፤ ዘንድሮ ከደገመ ማሳቸውን ለሰው ትተው ገላኔ ወዳለችበት አዳማ ሊገቡ ነው። እሷም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተተክላ፣ ሰው ሳይጎዳ ዋጉን ብቻ የሚገድል ነገር ስትፈልግ ከረመች።

በዋግ ሕዋስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች እየተጋገዙ ይሠራሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ መስመር ሲሰመርለት መረብ ይሆናል። ከመረቡ መሀል አንዷ፣ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ብትወጣ ሁሉም ይበተናል። ገላኔ ይህን መረብ ከእርሾና ከሰው መረብ ጎን አስቀምጣ አቻ ለአቻ እንዲያጣምር ኮምፒውተሩን አዘዘች። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ፕሮቲን የሚጻፍበትን የፊደል ተርታ እያስተያየ አጣመረ፤ ለአራት መቶ አሥራ ሰባት ግን መሳይ አላገኘላትም።

«የዋግ ብቻ ናት!» ብላ ጮኸች። ስልኩን ያነሣችው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ኢተያ ስትደርስ አባቷ ጎረቤት ለሽምግልና ተቀምጠዋል። የጎረቤታቸውን ልጅ ቤዚን ቢኒያም የሚባል የሻሸመኔ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ጠይቋት፣ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጠራል። ስሞቹ የትም አልተገናኙም። ሊመረቅ ሲባል ኦቦ ምልኬሳ «ቆዩማ» አሉ።

«ስም ይለወጣል። የልጁ ቅድመ አያት ከማን ጋር ደቦ ይወጡ ነበር? ሚዜያቸውስ? ሲሞቱ ማን ተሸከማቸው?»

የቢኒያም አጎት አንድ በአንድ መለሱ። ሚዜያቸው፣ የደቦ ጓዶቻቸው፣ ቀባሪዎቻቸው፣ ሁሉም ከኢተያ እየተጓዙ የሚደርሱላቸው የቤዚ ቅድመ አያት ሰዎች ነበሩ። ለካ ሰውየው ስማቸውን ለውጠው ሻሸመኔ የገቡ የቤዚ ቅድመ አያት ወንድም ነበሩ። ጋብቻው ቀረ፤ ቤዚም ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ዳር ሆና ስትሰማ የነበረችው ገላኔ ደነገጠች። እሷ አራት መቶ አሥራ ሰባትን የጠየቀቻት ስሟን ብቻ ነው! ሮጣ ላፕቶፗን ከፈተች፤ ፊደሉን ትቶ አብረዋት የሚሠሩትን ባልንጀሮቿን እንዲያይ ፕሮግራሙን አስተካከለች።

ከእርሾ ወገን አቻዋ ተገኘች። ከሰውም ተገኘች። ከአሥራ ስድስት ባልንጀሮቿ አሥራ አራቱ በሁለቱም ዘንድ እዚያው ቦታቸው ላይ አሉ። ከቢሊዮን ዓመት በላይ ተለያይተው፣ ፊደላቸው አንድም ያልቀረ እስኪመስል ተለውጦ፣ ጓደኝነታቸውን አልተዉም። የገላኔ ጸጉር ቆመ። ከዚህ የሚበልጥ ነገር በሕይወቷ አላየችም፤ እግዜር ፊት የቀረበች ያህል ተሰማትና ከወንበሯ ተነሣች።

ኦቦ ምልኬሳ ማሳቸውን አይተው ሲመለሱ እንባዋን ሳትጠርግ አገኟት።

«አባ፣ ተሳስቻለሁ። ዋጉ ውስጥ ያገኘኋትን ፕሮቲን የሚገድል መድኃኒት እኛንም አይምርም። አሁን በእርስዎ ደረት ውስጥ ያቺው ሥራ ላይ ናት።»

«እዚህ?» አሉ ደረታቸውን ነክተው።

«እዚያ። ከነባልንጀሮቿ።»

መዳፋቸው ከማሳው ባመጡት ቀይ የዋግ ዱቄት ተሸፍኗል። ሱሪያቸው ላይ ሊጠርጉት አሉና ተዉት፤ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አተኩረው አዩት።

«እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አዳማ ቤት ፈልጊልኝ።»