ከቁጥር የማይገባው

ግንቡ ሲያስነጥስ የቅርጫቱ መረብ ይወዛወዛል ይባል ነበር። ውሸት ነው፤ የሚወዛወዘው ጣሪያው ነው። የቅርጫት ኳስ ቡድኑን አምበል ሰው ሁሉ በዚህ ቅጽል ከመጥራቱ የተነሳ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም ሳይረሳው አልቀረም። ትከሻው ሁለት በር ባንዴ ይዘጋል። ጉልበቱ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደረጃ ሲወርድ እንደ አሮጌ አልጋ ማቃሰት ጀምሯል። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ የውድድር ዘመን ተጨማሪ። ከዚያ በኋላ በጭብጨባ፣ ሲሆን ሲሆን በእንባ፣ መሸኘት።

ክለቡ ጨዋታን በኮምፒውተር የሚተነትን ባለሙያ ቀጠርኩ ሲል፣ የተቀጠረው የግንቡ ታናሽ እህት ባል ሆኖ ተገኘ። ከሲታ፣ መነጽራም፣ ሲያስል እንኳ አስልቶ የሚያስል ሰው ነው። ላብና የጡንቻ ቅባት አፍንጫ በሚቆርጥበት የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ላፕቶፑን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ ጀመረ።

«አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲኖር ቡድኑ ስንት ያገባል፣ ስንት ይገባበታል? እሱ ሲወጣስ? ይኸን ሳሰላ አንድ የገረመኝ ነገር…»

«አማቼ፣» አለ ግንቡ፣ «ልብን በስንት ታበዛዋለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤት ሰፈር ውሻ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አንዴ ልጨርስ፤ ነገሩ አንተንም…»

«እኔን? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኳስ ያየሁት በዚህ ነው!» ግንቡ የገዛ ዓይኑን ሊጎለጉለው እስኪደርስ በጣቱ ጠቆመ። «ዓይን ይበቃል! አንተ ከቁጥር ጋር ስትውል ስታድር ከቁጥር የማትገባ ሆነህ ቀረህ እኮ!»

አካፋ በሚያህለው መዳፉም የላፕቶፑን ክዳን ከደነው። አሰልጣኙ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ እንባው ወርዶ ፊሽካውን ሞላው።

እዚያው ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግንቡ ግን አንዴ ያሳቀን ቀልድ አጥንቱ እስኪቀር የሚግጥ ሰው ነው። አማቹ መነጽሩን በአንድ ጣት ወደ ላይ የሚገፋበትን ሁኔታ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በሻይ ቤት፣ በገዛ ቤቱ እያስመሰለ ሰውን ሆድ አስያዘ። በመጨረሻ አሰልጣኙን አስከትሎ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመና «ወይ እሱ፣ ወይ እኛ!» አለ። ባለሙያው ተሰናበተ። እህቱ ያን ቀን ደውላ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች። «ጎሽ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ አሰልጣኙ ግንቡን ቢሮው አስጠራው። ቢሮ ይሉታል እንጂ ኳስ ሲነፋበት የኖረ ጓዳ ነው።

«ወንድሜ፣ ውልህን አናድስም።»

ግንቡ ሳቀ። አሰልጣኙ አልሳቀም።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ችግሩ እኮ ምንም አለማድረግህ ነው። አታገባም፣ አትሮጥም። ሜዳ መሃል ተገትረህ ትውላለህ።»

«የምገተረው ለአነጣጣሪያችን መንገድ ልከፍት ነዋ! ተከላካዩ እኔ ላይ ሲላተም አይደል እንዴ እሱ ነፃ ሆኖ የሚወረውረው?»

«እኔ አላየሁም።»

«እንዴት አይታይህም?»

«ዓይን ይበቃል ያልከው አንተ ነህ። ይኸው ዓይኔ ያየው ይኸን ነው።»

ግንቡ ከዚያ ጓዳ ወጥቶ በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ። በሩን ከፈተችለት እንጂ ግባ አላለችውም። ባሏ አሁን የሒሳብ መምህር ሆኗል፤ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ፈተና እያረመ ነው።

«አማቼ፣» አለ ግንቡ እንደቆመ፣ «ያ ስሌትህ… ስለኔ ምን ይል ነበር?»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንተ ሜዳ ላይ ስትኖር ቡድኑ ይመራል፤ ስትወጣ ይበተናል። ከሁሉም ተጫዋች አንደኛ ነበርክ። ያ አነጣጣሪያችሁ እንኳ አንተ ከሌለህ የሚመታው ቅርጫቱን ሳይሆን ጣሪያውን ነው። ያን ቀን ‹የገረመኝ ነገር› ብዬ የጀመርኩት ይኸንኑ ነበር።»

የግንቡ አፍ ተከፈተ፤ አውቶቡስ ያስገባ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«በማግስቱ ልነግርህ ደጅህ ድረስ መጥቼ ነበር። ውስጥ ሆነህ እኔን ታስመስላለህ፣ ቤቱ በሳቅ ያውካካል።» በአገጩ ወደ ሚስቱ ጠቆመ። «የሷም ሳቅ ነበረበት። እኔም ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ግን ረስቼ አይደለም፤ ይኸን ቀን ልይ ብዬ ነው።»

እህቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እባክህ ለአሰልጣኙ ንገርልኝ።»

«ስሌቱ ክለቡ ኮምፒውተር ላይ ነው። ራስህ ንገረው።» እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ።

በማግስቱ ግንቡ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ባሉበት፣ ስለ ማግባትና መግባት፣ ሜዳ ላይ ስለመኖርና ስለመውጣት፣ እየተንተባተበ አስረዳ። ያን ኮምፒውተር አምጥታችሁ ክፈቱት አላቸው።

«ያንን? ጸሐፊዋ ካርታ ትጫወትበታለች፤ የነበረውን ሁሉ አጥፍታዋለች» አለ አሰልጣኙ። ከዚያ የሌለ መነጽሩን በአንድ ጣት ወደ ላይ ገፋ፤ ልክ ግንቡ እንዳስተማራቸው። «አምበሌ፣ ልብን በስንት ታበዛዋለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አነጣጣሪው አግዳሚው ላይ ተንከባለለ።

ግንቡ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ የትጥቅ ክፍሉ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ቁጥሩን መልስ!»

«የምን ቁጥር?»

«ማልያውን ነዋ፣ አሥራ አራት ቁጥርን። ለሚመጣው ልጅ ይፈለጋል።»

ግንቡ ማልያውን አውጥቶ ሰጠው፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ነበር። ሰውዬው ገልብጦ ጀርባውን አየና መደርደሪያው ላይ ወረወረው።

«ሌላ የቀረህ ነገር አለ?»

«የለም።»

የመውጫው በር አንዱ ክንፍ ተዘግቷል። ያ ሁለት በር ባንዴ የሚዘጋው ትከሻ በተከፈተው ክንፍ በኩል፣ ግራም ቀኝም ሳይነካው፣ ሾልኮ ወጣ።