የግሬታ አባት ብርጭቆ

የመጠጡን ጠረጴዛ በዚያ ጠዋት ሦስት ጊዜ አዛወርኩት። መጀመሪያ ከምግቡ ጎን አደረግኩት፤ ሳንዱች የሚያነሳውና መጠጥ የሚቀዳው ይጋፋል ብዬ ወደ ጋራዡ ደጃፍ አወጣሁት። እዚያ ደግሞ ፀሐይዋ በረዶውን በግማሽ ሰዓት ውሃ ልታደርገው ሆነ። በመጨረሻ ከኩሽናው በር ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው አስጠግቼ ተከልኩት። ለጠየቀኝ ሁሉ ለጥላው ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ኩሽና ውስጥ ሆኜም ስለሚታየኝ ነው።

ግብዣው ልጄ ግሬታ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰችበት ነው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የጋራዡ በር ይከፈታል፣ የሚያውቀን ሁሉ እየገባ እየበላ ይወጣል፣ አስራ አንድ ላይ ያበቃል። ግሬታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አባዬ ይምጣ። አስር ሰዓት ላይ ሦስታችን አንድ ፎቶ እንነሳ። ሌላ ስጦታ አልፈልግም» አለችኝ።

ከአባቷ ከዱዌይን ከተፋታን አራት ዓመታችን ነው። መጠጥ ካቆመ ደግሞ አስራ አንድ ወሩ ነበር፤ ያውም እሱ እንደሚለው። እኔ የማስታውሰው የግሬታን የአስራ አራተኛ ዓመት ልደት ነው። ያን ቀን ሙሉ የሎሚ ጭማቂ ሲጠጣ ዋለ፤ እኔም እሰይ አልኩ። ከዚያ ልጅቷን አይስክሬም ልግዛላት ብሎ ፒካፑ ላይ አሳፈራትና መንገድ ዳር የተተከለውን የጎረቤት የፖስታ ሳጥን ገጭቶ ቦይ ውስጥ ገባ። የጠጣው ግማሹ ቮድካ ኖሯል። ግሬታ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ሎሚ ሽታውን እንደሚደብቅ ያወቅኩትም ያን ቀን ነው፤ ካልቀመሱት አይታወቅም።

ስለዚህ በዚህ ግብዣ ላይ አንዲት ጠብታ አልኮል አይገባም አልኩ። በትምህርት ቤት ምግብ ቤት አስራ አንድ ዓመት ስለሠራሁ መጠጥ ማሰናዳት አይቸግረኝም። ሁለቱን ባለ ቧንቧ የመስታወት ማሰሮዎች አጠብኩ፤ አንዱን በሎሚ ጭማቂ፣ አንዱን በቀዝቃዛ ሻይ ሞላሁ። ብርጭቆ ከቧንቧው ሥር እንዲገባ ከፍ ብለው እንዲቀመጡ የእንጨት ሳጥን አደረግኩላቸው። የሎሚው ቧንቧ ጠብ ጠብ ስለሚል ሳህን አስቀመጥኩበት። በረዶው ለብቻው በማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ከነማንኪያው። ግሬታ በካርቶን ላይ «ሎሚና ቀዝቃዛ ሻይ፤ እራስዎ ይቅዱ» ብላ በሚያምር ጽሑፏ ጻፈችና ሰቀለችው። እኔ ደግሞ ቀዩን የፕላስቲክ ብርጭቆ ደረደርኩና ማርከር በክር አሰርኩ። ሰው ብርጭቆው እየጠፋበት አዲስ እንዳያነሳ ስሙን ይጽፍበታል፤ ሁሉም ቤት እንዲሁ ነው። እኔ ግን የፈለግኩት የአንዱን ሰው ብርጭቆ ማወቅ ነው።

ወንድሜ ክሊፍ ሁለት ካርቶን ቢራ ታቅፎ መጣ።

«መልሰው» አልኩት ገና ሳይገባ።

«ምኑን?»

«በእጅህ ያለውን።»

«ቢራ የሌለበት ምርቃት? ያውም በቢራ አገር በዊስኮንሲን? ቀብር ነው እንዴ?»

«ቀብር አይደለም።»

«ልክ ነሽ፤ በቀብርም እኮ ይጠጣል! አባባን ስንቀብር ቄሱ እንኳ ሁለት ጠጥተዋል።» ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ እህቴ፣ በአንድ ሰው ምክንያት መቶ ሰው በሎሚ ይቀጣ?»

«አዎ፣ ይቀጣ።»

ካርቶኖቹን መለሰ፤ ግን ቤቱ አልወሰዳቸውም። ከመንገዱ ማዶ የቆመው ፒካፑ ጀርባ ላይ ጫናቸው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ወንዶቹ ተራ በተራ «ከክሊፍ ጋር መኪና እናያለን» እያሉ ይሻገሩ ጀመር። ምን ዓይነት መኪና ነው ይህን ያህል የሚታየው? ልቤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላረፈም።

ዱዌይን ስምንት ተኩል ላይ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ፊቱ ከስቷል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። እጁን ነው ያየሁት መጀመሪያ።

«ጠረጴዛሽ ያምራል» አለኝ።

«ሎሚና ሻይ ነው ያለው።»

«ጽሑፉን አይቻለሁ፤ ማንበብ አልተውኩም» ብሎ ፈገግ አለ። ብርጭቆ አነሳ፤ ማርከሩን ይዞ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ «የግሬታ አባት» ብሎ ጻፈበትና ሎሚ ቀዳ።

ለምን ሻይ አልቀዳም? ከሁለቱ ለምን ሎሚውን መረጠ? ይህን እያሰብኩ ሳለ ጎረቤቴ ኔዲን አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አንቺ ሴት፣ ‘እራስዎ ይቅዱ’ ብለሽ ለጥፈሽ እንደ ዘበኛ ትቆሚያለሽ? ሂጂና ብዪ፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም።»

«ቧንቧው ያንጠባጥባል። እሱን እየጠበቅኩ ነው።»

«የምትጠብቂው ቧንቧማ ያውልሽ፣ ቁጥቋጦው ጋ ቆሞ ከቄሱ ጋር ያወራል» አለችኝ። አልሳቅኩላትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱዌይን ብርጭቆውን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ። ድንች ሰላጣ የምታቀርብ ሴት ማንኪያ እንድሰጣት ብትለምነኝም አልሰማኋትም። ክሊፍ ትከሻውን መታው፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ዱዌይን ጀርባውን ሰጥቶኝ ጥቂት ቆመ። አምስት ደቂቃ ይሆናል። ለእኔ ግን አምስት ደቂቃ ብዙ ነው፤ ለቮድካ ደግሞ አንድም ይበቃል። ሲመለስ አሁንም እየሳቀ ነበር። በደህና ቀን የማውቀው ሳቁ ነበር፤ በመጥፎውም ቀን ግን እንዲሁ ነበር የሚስቀው።

አስር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የግሬታ ፎቶዎች የተለጠፉበት ሰሌዳ በነፋስ ወደቀ። ዱዌይን ብርጭቆውን ማቀዝቀዣው ሳጥን ላይ አኖረና ሊያነሳው ሮጠ። ብርጭቆው ብቻውን ቀረ፤ ጽሑፉ ወደ እኔ ዞሯል።

ልተወው ብዬ ነበር። እምላለሁ፣ ሁለት እርምጃ ሄጄም ነበር። ግን አባቷ ከፎቶው በኋላ ወደ ሐይቁ ይዤሽ ልሂድ እንዳላት ግሬታ ነግራኛለች። መኪናው ውስጥ ልትገባ ነው። የግንባሯ ጠባሳ ታየኝ። ተመለስኩና ብርጭቆውን አነሳሁ። አሸተትኩት፤ ሎሚ፣ ሎሚ ብቻ። ስለዚህ ቀመስኩት።

ሎሚ ነበር። በረዶው ቀልጦበት የቀጠነ የሎሚ ጭማቂ።

ዞር ስል ሁለቱም ከኋላዬ ቆመዋል። ግሬታ ስልኳን ለፎቶው አዘጋጅታ፣ በሌላ እጇ የአባቷን ክንድ ይዛለች። ብርጭቆው ገና ከከንፈሬ አልራቀም።

ዱዌይን ብርጭቆው ላይ የተጻፈውን አየ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እንዴት ነው? ስኳር ያንሰዋል?» አለ።

«የ… የእኔ መስሎኝ ነው።»

«የግሬታ አባት ነሽ?»

ሳንዱች ይዘው የቆሙት ሁለት ሴቶች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ዱዌይን ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለ፤ የቀረውን ሲሚንቶው ላይ ደፋና ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

«ልሂድ፣ የኔ ልጅ» አላት ግሬታን።

«አባዬ፣ አስር ሰዓት እኮ አልሆነም። ፎቶውስ?»

«ዛሬ ፊቴ ለፎቶ አይሆንም።» ግንባሯን፣ ልክ ጠባሳው ላይ፣ ሳማት። «አስራ አንድ ወር በየማታው እቆጥራለሁ። ለማሳየት አልነበረም። ግን አንድ ሰው ያምነኛል ብዬ ነበር።»

ወጣ። መኪናው ከክሊፍ ፒካፕ ኋላ ነው የቆመው። ክሊፍ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም፤ እንደ ወትሮው ለቀልድ አንድ ቆርቆሮ ቢራ ወደ እሱ ዘረጋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዱዌይን እጁን እያወዛወዘ እምቢ ሲለው እንደነበር ኋላ ራሱ ክሊፍ ነው የነገረኝ፤ ቀድሞ የተሻገረውም ስለ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሊጠይቀው ነበር። አሁን ግን ቆመ። ቆርቆሮውን ተቀበለ። አልከፈተውም። ወንበሩ ላይ ከጎኑ፣ ግሬታ ልትቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ አኖረውና ነድቶ ሄደ።

«አየሽ?» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። «አየሽው፣ ተቀበለ እኮ!»

ግሬታ ወደ እኔ አልዞረችም። «ደስ ይበልሽ፣ እማ» አለች። «ያልሽው ሆነ።»

«ልጄ፣ ላንቺ ብዬ ነው። ነይ፣ ፎቶውን እንነሳ።»

«ከማን ጋር?»

የተገለበጠውን ብርጭቆ አነሳች፤ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችውና ይዛው ወደ ቤት ገባች። በነሐሴ ኮሌጅ ስትሄድ ዕቃዋን ሳሽግላት እርሳሶቿን ሰክታበት አገኘሁት።

ከዱዌይን ጋር ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በስልክ ተነጋግረናል፤ ስለ ልጅቷ ብቻ። ያን ቆርቆሮ ይክፈተው አይክፈተው አላውቅም። ድምፁን አዳምጣለሁ፤ ድምፁ ምንም አይናገርም። ልጠይቀው አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ብጠይቀው ያው ዳግመኛ ከብርጭቆው መቅመሴ ነው።