ለውሻ የታረደች ዶሮ

ማናለብሽ ዶሮዋን በእግሯ ረግጣ ቢላዋውን ስታነሣ፣ ጎረቤቷ ያለምወርቅ በቀርከሃው አጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ጮኸች።

"አንቺ ሴት! ዛሬ እኮ ዓርብ ነው! ያውም በሁዳዴ!"

"ቀኑን ማን ጠየቀሽ?"

"ደግሞስ ሴት ልጅ ታርዳለች? ወንድ ጥሪ እንጂ!"

"የትኛው ወንድ በሁዳዴ ያርድልኛል? የሚበላት ምንተዳህ ነው። እሱ ማን እንዳረዳት አይጠይቅም።"

ምንተዳህ ውሻዋ ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ የባሏ ወንድም "ብቻሽን ከከተማ ዳር ምን ትሠሪያለሽ?" እያለ ቢነዘንዛት፣ ቡችላ አመጣችና ይህን ስም አወጣችለት። ውሻውን በጠራች ቁጥር መልሱ ለባሏ ወንድም ይደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ጅብ በጓሮዋ ሲያላዝን እንቅልፍ የሚወስዳት ምንተዳህን አምና ነው።

ጾሙ እንደገባ አንድ ያበደ ውሻ ገበያተኛ ነከሰና፣ ማዘጋጃ ቤቱ በየዓርቡ መርዝ የገባበት ሥጋ በየመንገዱ እንዲጣል አዘዘ። ውሻ ያለው ይሰር ተባለ። ማናለብሽም አሰረች። ግን በመጋቢት የተራበን ውሻ ጠፍር አይመልሰውም። ከቅበላ ወዲህ ቤቷ አጥንት የሚባል ነገር አልገባም፤ ምንተዳህ የሚቀምሰው የሽሮ ፍትፍት ብቻ ነው። ባለፈው ዓርብ ሥጋው ሲሸተው ጠፍሩን በጥሶ ወጣ። ሮጣ ጅራቱን ይዛ ባትጎትተው ኖሮ አልቆለት ነበር። የያለምወርቅ ውሻ ግን እዚያው ደጃፏ ላይ ተንፈራግጦ ሞተ። ያን ቀን ደረቷን ስትደቃ የዋለች ሴት ዛሬ የጾም ጠበቃ መሆኗ ማናለብሽን አንገበገባት።

ዶሮዋን አረደች። ላባዋን እንደነገሩ ነጨችና ከነአጥንቷ ሰጠችው።

ምንተዳህ ከንፈሩን ልሶ ሳይጨርስ ያለምወርቅ የማናለብሽን የነፍስ አባት ቄስ አድማሴን ይዛ ከተፍ አለች።

"እውነት ነው፣ ልጄ?" አሉ ቄሱ። "በጾም ደም አፈሰስሽ?"

"አፍስሻለሁ፣ አባቴ። በአፌ ግን አልዞረም።"

"ለውሻ ብለሽ?"

"ማዘጋጃ ቤቱስ ለማን ብሎ ነው በሁዳዴ በሬ የሚያርደው? እሱን ማን ገሠጸው?"

ቄሱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የከተማው ዘበኛ አየነው ጆንያውን በትከሻው አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ አንድ ሙዳ ሥጋ ከበሩ ፊት ጥሎ አለፈ። ምንተዳህ አፍንጫውን አነሣ። ማናለብሽ ጠፍሩን በሁለት እጇ ጨመደደችው። ውሻው ግን አሸተተ፣ አዛጋ፣ ራሱን መዳፉ ላይ መልሶ ጣለ።

"ጠግቧል!" አለች ያለምወርቅ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ምነው የእኔንም እንዲህ ባጠገብኩት ኖሮ!"

ማናለብሽ ሥጋውን በእንጨት ገፍታ ከጉድጓድ ከተተችና አፈር መለሰችበት። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች።

"እህ፣ አባቴ? ይፍረዱኝ።"

"መቼስ ሥርዓት ሥርዓት ነው" አሉ ቄሱ ጢማቸውን እየዳበሱ። "አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ።"

"እሰግዳለሁ። የመጪውን ዓርብ ዶሮ ቀኖናም አሁኑኑ ይስጡኝ፤ አብሬ ልገላገለው።"

"ምን? ደግመሽ ልታርጂ?"

"ዘበኛው ሲመጣ እኔም አርዳለሁ።"

"ላልተሠራ ኃጢአት ቀኖና የለም፣ አንቺ ልጅ!"

"እንግዲያው እርስዎ አይዘዙኝ፤ እኔው ለራሴ አዝዛለሁ።"

ነጠላዋን አደግድጋ ጓሮዋ መሬት ላይ መስገድ ጀመረች። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ። ያዘዟትን አርባ ስትጨርስ፣ ግንባሯ አፈር እንደለበሰ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ለመጪው ዓርብ አንድ ብላ ጀመረች።