የባለ ነጭ ጅራቷ ወፍ ስም

ጡረታ የወጣውን የታሪክ መምህር የሰፈሩ ሰው «ሙት ጠያቂው» ይለዋል። ሐሰት የለውም። ሰውየው ስማቸው ለወፍ የተሰጠ የተፈጥሮ አጥኚዎችን ሕይወት እያሳደደ መጽሐፍ ሲጽፍ ነው ጸጉሩ የሸበተው። የትኛዋም ወፍ በማን እንደተሰየመች ብትጠይቁት፣ ሟቹ የት እንደተወለደ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ምን አሞት እንደሞተ ትንፋሽ ሳይሰበስብ ይዘረግፍላችኋል። ሚስቱ ከእሱ ጋር ብቻዋን ራት በልታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ሟች መሀላቸው ይቀመጣል።

የልቡ ምኞት ግን ሌላ ነበር፤ የገዛ ስሙን በወፍ ላይ ማየት። በዚህ ሙያ ደግሞ ወፍን በራስ ስም መሰየም ነውር ነው፤ ሌላ ሰው ነው የሚሰይምልህ። ስለዚህ፣ ሙዚየም ውስጥ የሚሠራው የወፍ አጥኚ ጓደኛው አዲስ ወፍ ማግኘቱ ሲረጋገጥ፣ ሙት ጠያቂው እንቅልፍ አጣ። ወፏ የተገኘችው ሦስቱም፣ ሚስቱ ጭምር፣ የአንድ ሟች መቃብር ሊፈልጉ በሄዱበት ጫካ ነው። ታዲያ ከእሱ ሌላ በማን ትሰየማለች? ለፀጉር አስተካካዩ ነገረው። ለልብስ ሰፊውም ነገረና ኮት አዘዘ። መስታወት ፊት ቆሞ «ኧረ ለእኔ አይገባም» ማለትን ተለማመደ።

ጓደኛው የወፏ ስም የወጣበትን የሙያ መጽሔት ይዞ የመጣ ዕለት ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ልብስ ትተኩስ ነበር። ሙት ጠያቂው ገጹን ገልጦ አነበበ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበ።

«ይሄ የባለቤቴ ስም ነው» አለ።

«አዎ።»

«ተሳስተህ ነው።»

«አልተሳሳትኩም» አለ ጓደኛው። «እኔና አንተ መቃብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ስንት ነው ብለን ስንጨቃጨቅ፣ ‹ያቺ ጅራቷ ነጭ የሆነች ወፍ ምንድን ናት?› ያለችው ማን ነበረች? አንተማ ‹ቆይ፣ ሥራ ላይ ነን› አልካት። ዞር ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ሚስትየው ካውያውን እንደያዘች ሳቀች። «እኔ እኮ ልገላግላችሁ ብዬ ነው» አለች።

ሙት ጠያቂው ቅስሙ ተሰበረ፤ መደበቅም አልቻለ። ጓደኛው ግን ለመሄድ እየተነሣ ጨመረበት፤ «በል መጽሐፍህ ውስጥ አስገባት። እሷን ከተውክ ጎዶሎ ነው።»

በማግስቱ እንዳኮረፈ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ስሟን ጻፈ። የት እንደተወለደች ጻፈ። ቀጥሎ «ከታሪክ መምህሩ ጋር ተጋባች» አለና እጁ ፈታ አለለት፤ ባለቤቷ እንዲህ ያለ መምህር ነበር፣ ባለቤቷ እንዲያ ያለ መጽሐፍ ጻፈ እያለ ገጹን ሞላው። መልሶ ሲያነበው የገዛ ራሱን ታሪክ አገኘ። ወፏ ግን የእሷ ናት። አፈረ፤ ጆሮው ሳይቀር ጋለ።

ወረቀቱን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ሚስቱ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ስሚኝማ» አላት፤ «ልጅ ሆነሽ ምን መሆን ነበር የምትመኚው?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየችው።

«መርከበኛ» አለች።

እስክትስቅ ጠበቀ። አልሳቀችም። ስለ ራሱ የጻፈውን ሁሉ ሠረዘና በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ቀጥዪ» አላት።