በጨዊቱ አፍንጫ ውስጥ ማን አለ?

ጨዊቱ የወንድሜ ልጅ ናት። ስትሳም ጨው ጨው ትላለች፤ ቅጽል ስሟም ከዚያ መጣ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚሉት አብሯት የተወለደ በሽታ ነው፤ ላቧን ጨው፣ አክታዋን ሙጫ ያደርገዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ሳንባዋን አራቴ ያዘው። መድኃኒት ትወስዳለች፣ አክታዋ ይጠራል፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ባክቴሪያ ከች! ወንድሜ መድኃኒቱን እየጣለችው ነው ብሎ ድርቅ አለ። ፊቱ ቆማ እንድትውጥ ማድረግ ጀመረ። የሃያ ዓመት ልጅ! እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ሳልጠረጥራት አልቀረሁም።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ አብቅሎ መለየት ነው። አንድ ሰኞ ሐኪሟ ከአፍንጫዋ ጀርባ፣ ሳይነስ ከሚባለው ጎድጓዳ ቦታ አጥቦ ያወጣው ፈሳሽ ደረሰኝ። እኛ ዘንድ የአፍንጫ ነገር ይናቃል። ንፍጥ ነው ይባላል፤ ማብቀያ ሳህን ላይ አንድ ቀን አድሮ «የተለመደ የአፍንጫ ባክቴሪያ» ተብሎ ይጣላል። አለቃዬም እንደዚያው ጽፌ እንድገላገለው ነገረኝ። እኔ ደግሞ ጣዪ ስባል አልጥልም፤ ክፉ አመል ነው። እስቲ ምን ይበቅል ይሆን ብዬ ወደ ማሞቂያው መለስኩት።

በሁለተኛው ቀን ምንም የለም። በሦስተኛው፣ ከተለመዱት የአፍንጫ ባክቴሪያዎች ነጫጭ ነጠብጣቦች ጥግ የሰናፍጭ ፍሬ የማታክል ነገር ብቅ አለች። ማነሽ አንቺ አልኳትና ለብቻዋ ነጥዬ ዘራኋት። በአምስተኛው ቀን ሳህኑ አረንጓዴ ለበሰ። ከሳንባዋ አውጥተን ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጥነው ባክቴሪያ ጋር ዘራቸውን ብናስመረምር፣ አንድ ናቸው። ለካ ከሳንባ ስናባርራት ላይ ቤት ተደብቃ ትከርምና መልሳ ትወርዳለች! ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ የድሮ መዝገቧን ገለጥኩ። የዛሬ ዓመት ተኩል ከዚያው ቦታ ናሙና ተልኮልን ነበር። «የተለመደ የአፍንጫ ባክቴሪያ» ይላል። ፊርማው የኔ ነው። እርር ድብን አልኩ።

ከሥራ ስወጣ ውጤቱን ይዤ በቀጥታ ቤታቸው ሄጄ ፊርማዬን ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቃት። እኔም ጠየቅኩ። እስክትጮህብን ጠበቅኩ፤ እኔ ብሆን ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው ነበር። እሷ ግን ውጤቱን ሁለቴ አነበበችው።

«እናንተስ ግድ የለም» አለች። «እኔ ራሴ ያበድኩ መስሎኝ ነበር። አባዬ ፊት የዋጥኩትን እንኳ መዋጤን አላምንም ነበር፤ እሱ ሲወጣ ሌላ እደግም ነበር።»