ደረቁ ግድግዳ

ታናሽ እህቴና ባሏ ሊገዙት ያሰቡትን ቤት «አይተሽ ንገሪን» ያሉኝ መሐንዲስ ሆኜ አይደለም። መሐንዲሱ ባለቤቴ ነበር። ቤት የሚገዛ ዘመድ ሁሉ እሱን ይጠራ ነበር፤ እሱ ግድግዳ ሲያንኳኳ እኔ ባትሪ እይዛለሁ፣ የሚለውንም በደብተር እጽፋለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ባትሪ የያዘ ሰው ስንጥቅ ማየት ይለምዳል። ባለቤቴ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ደላላው በሩን እየከፈተ «እትዬ፣ ቤቱ ሙሽራ ነው!» አለ።

«ሙሽራማ ተኳኩላ ነው የምትወጣው» አልኩት። «እስቲ ፊቷን አጥበን እንያት።»

እህቴ ሳቀች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እሷ ስትስቅ ቀልዱን ባይሰማም አብሯት ይስቃል።

ሥራዬን ጀመርኩ። ቧንቧዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፍቼ የውሃውን ጉልበት አየሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ውሃ ደፍቼ ወዴት እንደሚሄድ ጠበቅሁ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ማፍሰሻው ሄደ። በሮቹን ገርበብ አድርጌ ለቀቅኳቸው፤ የዘመመ ቤት በሩ በራሱ ይሄዳል። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ቁም ሣጥኑን አስጎትቼ ከጀርባው አየሁ፤ ሸረሪት እንኳ የለም። ቅናት ዓይን ይስላል። እንደዚያን ቀን አጥብቄ አይቼ አላውቅም፣ እንከን ግን አጣሁ።

እነሱ ከኋላዬ ስለ አልጋው ይጨቃጨቃሉ።

«በመስኮቱ በኩል ይሁን።»

«ብርድ ይመታሻል።»

«ለብርዱ አንተ አለህ አይደል?»

«እኔማ ወደ ግድግዳው ነኝ። ሳንኮራፋ በክርንሽ እዚያው ታጣብቂኛለሽ።»

እህቴ በቦርሳዋ ጀርባውን መታችው። እሱ ደግሞ ከፀጉሯ ላይ አቧራ አራገፈላት፤ ሳያስበው፣ ሰው የራሱን ኮት እንደሚያራግፍ። የቀናሁት በቤቱ አልነበረም።

ከመኝታ ቤቱ ግድግዳዎች አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ደላላው ሳልጠይቀው «ልጆች ሞነጫጭረውት ነው» አለ። አንድ ግድግዳ ለብቻው ሲቀባ መጠርጠር ደግ ነው። እኔ ግን አልጠረጠርኩም፤ ክፍሉ አይሸትም፣ ቀለሙም ከሥር አልተነፋም። በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ እጆቼ በሹራቤ ኪስ ውስጥ እንዳሉ፣ «ይሄ ግድግዳ እርጥበት አለው» አልኩ።

ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ብዙ ነው?» አለች እህቴ።

«ከመሠረቱ ነው የሚመጣው። ቢጠግኑት አይድንም።»

«እትዬ፣ በልጆቼ እምላለሁ...» ብሎ ጀመረ ደላላው።

«ልጆችህን ተዋቸው» አለችው እህቴ።

«እንግዲያውስ ነገ ሦስት ሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል። እናንተ ከተዋችሁት እሱ ይወስደዋል።»

ሹፌሩ «እትዬ ካሉ አለቀ» አለ። ከዓመት በላይ ሲፈልጉ ኖረው ያገኙትን ቤት በሦስት ቃል ቀበረው። ትንሽ ቆይቶ ግን የእህቴን ፊት አየና «ለማንኛውም ጋሼ ያደርጉት እንደነበረው ላስቲክ ለጥፈንበት ብናሳድረውስ?» አለ።

ዘዴው የባለቤቴ ነው። ግድግዳው ላይ ቁራጭ ላስቲክ ያደርግና ዙሪያውን በፕላስተር ያሽገዋል፤ እርጥበት ካለ እስኪነጋ ላስቲኩ ከውስጥ ጠብታ ያቆራል። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ሹፌሩ ራሱ እየለጠፈ «ጠበቀ፣ እትዬ?» ይለኝ ነበር፣ እንደ ተማሪ።

በማግስቱ ቀድሜያቸው ደረስኩ። ደላላው በሩን ከፍቶልኝ ስልክ ሊያናግር ወጣ። ላስቲኩ ደረቅ ነበር። የአንዱን ጎን ፕላስተር በጥፍሬ አነሳሁ። አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። አፌን አስጠግቼ ተነፈስኩ። ላስቲኩ ደመነ። ፕላስተሩን መልሼ ተጫንኩትና ቆሜ አየሁት።

በዚህ ዘዴ ስንት ሰው ከክፉ ቤት እንደዳነ በእጄ ጽፌዋለሁ። ላስቲኩን መንጭቄ አወረድኩትና በሻርፔ ጠረግኩት። ዞር ስል እህቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ደረቅ ነው» አልኳት። «ተሳስቼ ነበር።»

ሻርፔን አየችው። «ትናንት ግድግዳውን ሳትነኪው ነው እርጥብ ነው ያልሽው።»

ሻርፔን ጠቀለልኩት።

«ለሱ አልነገርኩትም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መጀመሪያ ቤቱን ጠላችው ብዬ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ፀጉሬን ሲነካኝ ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ...»

«ቀናሁ ብትዪኝ ይቀለኝ ነበር፣ እትዬ። ቤት ልታሳጪኝ ነበር እኮ!»

«ቀናሁ» አልኳት።

አላቀፈችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። የሹፌሩ ኮቴ ተሰማ።

«እህስ እትዬ፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?»

እህቴ አየችኝ፤ አልረዳችኝም።

«ጤነኛ ነው» አልኩት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሰውዬ ሳይመጣ ግዙት።»

ፊቱ በራ። የበራው ግን ወደ እሷ ዞሮ ነው። እጇን ይዞ ደላላውን ፍለጋ ሲወጣ በኮሪደሩ የሁለቱ ሳቅ ይሰማኝ ነበር፤ ያው ቅናት ዳግመኛ ያዘኝ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ፕላስተር መላጥ ጀመርኩ፤ አዲሱ ቀለም አብሮ እንዳይነሳ፣ ቀስ ብዬ።