ከፊቷ ያለውን ብቻ የምታይ መኪና

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው በሰባ ስምንት ዓመቱ በአንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ፍቅር ይወድቃል ቢባል ማን ያምናል? ኮል ኖስክ ግን ወደቀ። የማረከችው በቀለሟ አይደለም። አንዴ ፍጥነቱን ነግረዋት መሪዋ ላይ ያለችውን ቁልፏን ከተጫኑ፣ ፊቷ ያለው መኪና ሲዘገይ ትዘገያለች፣ ሲቆም ትቆማለች፣ ሲነሳ ትነሳለች። ኮል ይህን ባየ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። አጃኢብ ነው። በእሱ ዘመን መኪና የሚታዘዘው በጉልበትና በስድብ ነበር።

ለፍቅሩ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ያንን ግን ለማንም አልተነፈሰም። ስኳር በሽታው ቀኝ እግሩን ካደነዘዘው ዓመት ሊሞላው ነው። ፍሬን ይርገጥ ነዳጅ፣ ጎንበስ ብሎ ካላየ አያውቅም። ገመናውን የሸፈነችለት መኪናዋ ናት። እሷ ባትኖር ከሚኖርበት ትንሽ ከተማ ከመሬይ ብሪጅ ትልቁ ከተማ አደሌድ ድረስ በየቀኑ እየተመላለሰ ሚስቱን ቤሪልን ማየት የማይታሰብ ነበር። ቤሪል ስትሮክ ግማሽ አካሏን መትቷት ማገገሚያ ከገባች አምስት ወሯ ነው።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጁ ሮንዳ መጣችና ጋቢና ገባች። ጭኗ ላይ የካርቶን ሣጥን አለ፤ ውስጡ ቤሪል የምትወደው፣ ጃምና ክሬም የተሞላ ዳቦ።

«ዛሬ እማዬን ልጠይቅ ብቻ አይደለም የመጣሁት» አለች ቀበቶዋን እያሰረች። «አነዳድህንም ላየው ነው። ደርሰን እስክንመለስ አንዴ ካስደነገጥከኝ ቁልፉን ታስረክበኛለህ። ተስማማን?»

«መንዳት ያስተማረሽ ማን ሆነና ነው ዛሬ ፈታኝ የሆንሽብኝ?»

«አንተ ነህ። እኔም የፈራሁት ለዚህ ነው።»

ተሳሳቁ። የኮል ሆድ ግን አልሳቀም። ቁልፉ ከእጁ ከወጣ ቤሪልን የሚያያት ወሳጅ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

ዋናው አውራ ጎዳና እስኪገቡ ድረስ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ከፊት ለሚመጣው ሾፌር ሁሉ አንድ ጣቱን ከመሪው ብድግ እያደረገ ሰላምታ ሰጠ። ጎዳናው ላይ ሲወጣ ቁልፏን ተጫነና ለመኪናዋ ተወላት። ኮረብታው ጋ መንገድ እየተጠገነ ኖሮ ረጅም ሰልፍ ጠበቃቸው። ኮል እግሮቹን ወለሉ ላይ ዘረጋ። መኪናዋ በራሷ ቀስ ብላ ቆመች። ፊት ያለው አንድ እርምጃ ሲሄድ እሷም አንድ እርምጃ ሄደች።

የሮንዳ ዐይን ፈጠጠ። «ምንም አልነካህም እኮ።»

«አልነካሁም።»

«ይሄን ቅድም ዘሎ ፊታችን የገባውን ባለጌ ሾፌርስ አይታው ነው?»

«አይታው ነው እንጂ። እኔ ዐይኔን ብጨፍን እሷ ታያለች።»

«ትጨፍናለህ እንዴ አባዬ?»

«ለምሳሌ አልኩ እንጂ። አታካብጂ።»

ለሃያ ደቂቃ ያህል አባትና ልጅ፣ ሕፃን ቆሞ መሄድ ሲጀምር እንደሚያይ ሰው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተመለከቷት። ትቆማለች፣ ትነሳለች፣ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። «እኔ በከንቱ ነው እንቅልፍ ያጣሁት» አለች ሮንዳ በመጨረሻ። ኮል ይህን ሲሰማ በደስታ ዕንባው ሊመጣ ነበር።

ኮረብታውን የሚያቋርጠውን የመኪና ዋሻ አልፈው ወደ ከተማው ቁልቁለቱን ተያያዙት። እዚያ የሚፈቀደው ዘጠና ነው፤ ኮልም ዘጠና ብሎ ነገራት። ተሳቢ በሚነዳበት ዘመን ፊቱ ያለውን መኪና አይቶ አያውቅም፤ የሚያየው ከእሱ ወዲያ ያለውን ነው። ሮንዳንም ያስተማራት እንደዚያ ነበር። ዛሬም ልማድ ሆኖበት ከመታጠፊያው አናት ላይ አሻግሮ ሲያይ፣ እታች በእነሱው መስመር ላይ አንድ ተጎታች ቤት፣ መኪና የሚጎትተው የሽርሽር ቤት፣ ሁለቱንም ፍሬቻ እያበራ ቆሟል። ወዲያው አንድ ረጅም የዕቃ መኪና ፊታቸው ገባና ከለለው።

አይቶታል። በደንብ አድርጎ አይቶታል። እግሩን ግን አላነሳም። ያን ሁሉ ያየች ይህን ትስተዋለች እንዴ፣ አለ በልቡ፤ የእኔ ዐይን ያረጀ፣ የእሷ አዲስ። ደግሞስ ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ፍሬን ፍለጋ እንዴት ያጎንብስ?

የዕቃ መኪናው ድንገት ወደ ግራ እጥፍ አለ። ተጎታች ቤቱ ፊት ለፊታቸው ተገተረ። መኪናዋም ፈጠነች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዘጠና ሂጂ ተብላለች፣ ሲያዘገያት የነበረው ዞር ብሎላታል፣ ሲሄድ ያላየችውን፣ ቀድሞውኑ የቆመውን ደግሞ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ኮል ቀኝ እግሩን ወረወረ። የረገጠው ወለሉን ነበር። ያኔ ግራ እግሩ፣ ያ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠው እግር፣ ሳይታዘዝ ብድግ ብሎ ፍሬኑ ላይ ወደቀ። ጎማው ጮኸ፣ የዳቦው ሣጥን በሮ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ሲቆሙ፣ የተጎታች ቤቱ መጋረጃ ላይ የተሳሉት ወፎች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር።

ቀስ ብለው ዳር ያዙ።

«አናቱ ላይ ሳለን አይተኸው ነበር?» አለች ሮንዳ።

መዋሸት ይችል ነበር። «አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«እሷን።» የመኪናዋን ማስነሻ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ክሬም በተረጨው ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «ቀኝ እግሬ በድን ነው ልጄ። ዓመት ሊሆነው ነው።»

ሮንዳ አልተቆጣችውም፤ የከበደውም ይህ ነበር። ቦታ ተለዋወጡ። መንገድ ሲገቡ እጇ ወደ ቁልፏ ሄደና ቆመ። «ልክፈታት ወይስ ይቅርብኝ?»

«ክፈቻት። ሥራዋን ታውቃለች። ፊት ያለውን ለእሷ ተዪላት፣ ከእሱ ወዲያ ያለውን ግን አንቺ እይ። እግርሽንም ከፍሬኑ አታርቂ።»

ቤሪል እንደ ሁልጊዜው መስኮቱ ጋ በተሽከርካሪ ወንበሯ ተቀምጣ አገኟት። የተጨፈለቀውን ዳቦ አየችና በደህና እጇ ክሬሙን በጣቷ ቀመሰች። «ምን... አገኘው?»

ኮል ፊቷ ተቀመጠ። «ከእንግዲህ በየቀኑ አልመጣም ቤሪል። መንዳት አልችልም። እግሬ ሞቷል፤ ደብቄሽ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀሰረች። እታች መኪና ማቆሚያው ፍንትው ብሎ ይታያል። «ስትወርድ... ቀኝ እግርህን... በእጅህ አንስተህ ነው የምታወጣው። በየቀኑ።»

ኮል አፉን በእጁ ያዘ። ይህን ሁሉ ጊዜ በአንዲት መኪና ዐይን ሲደነቅ ኖሯል። «ታዲያ እንዴት ዝም ትያለሽ? ብሞትስ?»

«እሱን... እፈራ ነበር» አለች፣ ዕንባዋ በአንደኛው ጉንጯ ብቻ እየወረደ። «እንዳትቀርብኝ ደግሞ... ከዚያ ይበልጥ ፈራሁ።»

ሮንዳ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «አይዞሽ እማዬ፣ ሐሙስ እኔ አመጣዋለሁ።»

ቤሪል አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ኮል ዞር አለች።

«ረቡዕስ?» አለች።